ፎር ዊል ያስነሳል እንጂ አያቆምም

ዝናብ ሲበረታ ከኤስዩቪ ባለቤቶች አፍ የማይጠፋ አባባል አለ፤ «የእኔ መኪና ፎር ዊል ነው፣ ዝናብ አያሳስበኝም» ይላሉ። ይህ እምነት ሰው ሊያስጎዳ ይችላል። ፎር ዊል የሞተሩን ጉልበት ለአራቱም እግሮች ስለሚያከፋፍል ከጭቃ ለመውጣትና ከቆሙበት ለመነሳት ያግዛል። ፍሬን ሲያዝ ግን ማንኛውም መኪና የሚቆመው በአራቱም ጎማዎቹ ነው፤ ፎር ዊል መሆኑ እዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ኤስዩቪ ደግሞ ከቤት መኪና ይከብዳል፣ ቁመቱም ከፍ ያለ ነው። ይህን ሁሉ ክብደት ከመንገዱ ጋር የሚያገናኘው በየጎማው ስር ያለ፣ ከተዘረጋ እጅ ብዙም የማይበልጥ ስፍራ ብቻ ነው።

ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በእርጥብ አስፋልት ላይ ለሚነዳ ኤስዩቪ ጎማ ሲመረጥ መልክን መተው ያስፈልጋል። ጥርሱ ትልልቅ፣ ጎኑ ፈርጠም ያለ የጭቃ ጎማ፣ ማለትም ኤም.ቲ. የሚባለው፣ መኪናውን ያስከብረዋል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን ደካማ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ አስፋልቱን የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። ላስቲኩም ሲቀመም ድንጋይ እንዳይቆርጠው ታስቦ እንጂ እርጥብ መንገድ እንዲይዝ አይደለም። ኤ.ቲ. የሚባለው ከመሀል የሚቆም ነው፤ ከጉዞው ቢያንስ ሲሶው ጠጠርና አፈር ላይ ለሚሆን ሰው ይገባዋል። ጉዞው በአብዛኛው አስፋልት ከሆነ ግን ምርጫው ለአስፋልት የተሠራው ኤች.ቲ. መሆን አለበት።

ጎማ በውሃ ላይ የሚሠራው ሥራ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ብዙ ውሃ ማስወገድ ነው። መንገድ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢተኛና መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ መሬት የሚነካው ፊቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በየሰከንዱ 13 ሊትር ያህል ውሃ ከፊቱ መጥረግ አለበት። ይህን የሚችሉት ጎማውን ዙሪያውን የሚከቡት ሰፋፊ ቦዮች ናቸው። ቦዮቹ ውሃውን ካልቻሉት ጎማው ከአስፋልቱ ተነስቶ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ሾፌሩ ይህን የሚያውቀው መሪው በድንገት ሲቀልለው ነው። ያኔ እግርን ከነዳጅ ላይ ቀስ አድርጎ ማንሳት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ፍሬንም በኃይል አለመርገጥ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ቦዮቹ ከጠረጉ በኋላ የሚቀረውን ስስ የውሃ ሽፋን መቁረጥ ነው። ይህ የቀጫጭኖቹ ስንጥቆችና የላስቲኩ ቅመም ድርሻ ነው። ሲሊካ የተባለ፣ ከአሸዋ የሚገኝ ማዕድን የገባበት ላስቲክ እርጥብ አስፋልትን በደንብ ይይዛል። የጥርሱን ፊት ቀርበው ሲያዩት እንደ ምላጭ ጭረት ያሉ ብዙ ስንጥቆች ከሌሉት፣ ቦዩ የቱንም ያህል ጥልቅ ቢሆን በአብዛኛው ለዝናብ የታሰበ ጎማ አይደለም።

የጎማውን የደረጃ መለያ ማንበብም ያስፈልጋል። በአውሮፓ ከግንቦት 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው መለያ በእርጥብ መንገድ የመያዝ አቅምን ከኤ እስከ ኢ ደረጃ ይሰጠዋል። የአሜሪካው በጎማው ጎን ላይ ድርብ ኤ፣ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ብሎ ይጻፋል። ከአውሮፓው ኤ ወይም ቢ፣ ከአሜሪካው ድርብ ኤ ወይም ኤ ይፈለግ። ሆኖም ሁለቱም የሚለኩት እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ያለውን አያያዝ ነው፤ ጎማው ጥልቅ ውሃ ላይ መቼ እንደሚንሳፈፍ አይናገሩም። ለዚያ ቦዮቹን በዓይን ማየት የግድ ነው። ኤም እና ኤስ የሚለው ምልክት ደግሞ የጭቃና የበረዶ ነው፤ ስለ ዝናብ የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

ልኩ በመኪናው በር ላይ ከተጻፈው ባይወጣ ይመረጣል። ለምሳሌ 265/65 አር 17 112 ኤች የሚል ጎማ ላይ 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው፣ ኤች ደግሞ በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር። ለመኪናው ከተወሰነው ያነሰ የጭነት ቁጥር አይገዛም። ሰፋ ያለ ጎማ መሬት ይይዛል ተብሎ ይገዛል፤ ውሃ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ ውሃው ወደ ጎን ለመውጣት የሚሄደው መንገድ ስለሚረዝም ጎማው ቶሎ ይንሳፈፋል።

የጎማ ንፋስ ብዙዎች የሚንቁት ነገር ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ናሳ በአውሮፕላን ጎማዎች ላይ ካደረገው ጥናት የወጣው ቀመር ጎማ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍበትን ፍጥነት ከንፋሱ ጋር ያያይዘዋል፦ በ36 ፒ.ኤስ.አይ. (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በ25 ፒ.ኤስ.አይ. ወደ 83 ይወርዳል። የመኪና ጎማ እንደ ጥርሱ ጥልቀት ከዚህ ይለያል፤ ንፋስ ሲጎድል ቶሎ መንሳፈፉ ግን ያው ነው። ልኬቱ ጠዋት መኪናው ሳይነሳ፣ በር ላይ ባለው ቁጥር ይሁን። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ በእሱ አይሞላም።

አዲስ የአስፋልት ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥልቀት አለው። በብዙ አገሮች ሕግ የሚፈቅደው እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በቦዩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጉብታዎችም ከጥርሱ ጋር እኩል የሚሆኑት እዚያ ሲደርስ ነው። ለዝናብ ይህን መጠበቅ አይገባም፤ 3 ሚሊ ሜትር ላይ መቀየር አለበት። ቦዩ ጥልቀት ማጣቱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ፤ በብዙ ጎማዎች ስንጥቆቹ እስከ ቦዩ ወለል ስለማይዘልቁ ከጥርሱ ቀድመው ያልቃሉ። ሲለካ ውስጡም፣ መሀሉም፣ ውጩም ይለካ። የውስጡ ጠርዝ ብቻ ካለቀ አላይመንቱ፣ ማለትም የእግሮቹ አቀማመጥ፣ ይታይ፤ ሁለቱም ጠርዞች ካለቁ ንፋስ ሲጎድለው ኖሯል፤ መሀሉ ከሆነ በዝቶበታል።

በሁለት እግር ብቻ የሚነዳ ኤስዩቪ ላይ ሁለት ጎማ ብቻ የሚገዛ ሰው አዲሶቹን ከኋላ ያስገጥም፤ የፊቱ ቢንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የኋላው ከከዳ ግን ይሽከረከራል፣ ይህን ደግሞ ማዳን ይከብዳል። ሁልጊዜ በአራቱም እግር የሚነዳ መኪና ላይ በጎማዎቹ መካከል ያለ የጥርስ ልዩነት ጉልበቱን ለእግሮቹ የሚያከፋፍለውን ዲፈረንሻል ስለሚያሠቃይ አራቱን አንድ ላይ መቀየር ይሻላል።

ከጎሚስታው ከመነሳትዎ በፊት ዞረው ይዩ። በጎኑ ላይ ቀስት ያለው ጎማ ቀስቱ መኪናው ወደፊት ሲሄድ የሚዞርበትን አቅጣጫ ማመልከት አለበት። ተገልብጦ ከተገጠመ ቦዮቹ ውሃውን ወደ ጎን ከማውጣት ይልቅ ወደ መሀል ስለሚሰበስቡት ያስቀይሩት። በመጨረሻም ጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ብሎ በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 2323 ከሆነ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው።