ካሜራው ካልገዘፈ ባለሙያ አይመስልም?

ለሠርግ ፎቶ አንሺ የሚያፈላልግ ቤተሰብ፣ እዚህ ጅማም ቢሆን፣ ከሥራው ይልቅ መሣሪያውን ይመዝናል። ሌንሱ ክንድ የሚያህል ከሆነ የዋጋ ክርክሩ ይበርዳል፤ ኪስ የሚገባ ካሜራ ይዞ የመጣ ግን የልጅ መጫወቻ እንደያዘ ይታያል። እኔ ይህን ሚዛን አልቀበልም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን የፓናሶኒክ ጂኤም1 እንይ። ባትሪውና ካርዱ ገብተውበት 204 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ወርዱ አሥር ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሆኖም ሌንሱ እንደ ትልልቆቹ ተፈትቶ በሌላ ይተካል። ይህን ያስቻለው ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2008 ያስተዋወቁት ማይክሮ ፎር ሰርድስ የተባለው የካሜራና የሌንስ ሥርዓት ነው፤ በትልልቆቹ ከሌንሱ በስተኋላ ይቆም የነበረው መስታወት ሲወጣ ሌንሱ ብርሃኑን ወደ ምስል ወደሚቀይረው ሴንሰር ተጠጋ፣ አካሉም ሳሳ። ሴንሰሩ 17.3 በ13 ሚሊ ሜትር ነው። ከሙሉ ፍሬም (የድሮውን የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ከሚያህለው ሴንሰር) ስፋት ሩብ ያህል ቢሆንም የአብዛኞቹን ስልኮች ሴንሰር በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

«ስልክ እያለ ምን ያደርጋል?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ጅማ አጠገብ ያለው ጅሬን ነው። በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጥላ ውስጥ ስልክ የጎደለውን ብርሃን በስሌት ሊሞላ ሲታገል የእንጨቱን ጭረት ያለሰልሰዋል። ትንሹ ካሜራ ላይ ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ሌንስ ሲገጠም ጭረቱ እንዳለ ይወጣል።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ገበያ ላይ ነው። ሂርማታ ገበያ ውስጥ ግዙፍ ካሜራ ሲወጣ በርጩማ የሚጠርበው ሰው መሮውን አስቀምጦ ኮሌታውን ያቃናል፤ ጎረቤቱ ፊቷን በነጠላ ትሸፍናለች፤ ልጆች ተሰልፈው ይቆማሉ። ትንሹን አሳይቶ ፈቃድ ሲጠየቅ ግን ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ሥራውን ይቀጥላል። መሮው ይወርዳል፣ ፍቅፋቂው ከጉልበቱ ላይ ይረግፋል፣ ሦስተኛው እግር ቅርጽ ይይዛል። የምፈልገው ፎቶ ያ ነው። (ትንሽ ነው ብሎ ሳያስፈቅዱ ማንሳት ግን ነውር ነው፤ እሱን አልሟገትለትም።)

እንከን የለውም አልልም። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ቁልፎቹ ለወፍራም ጣት አይመቹም፤ ጂኤም1 ደግሞ ውኃ አይችልም፣ ይህም በጅማ ዝናብ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉ የሚያናድደኝ አምራቾቹ መሰልቸታቸው ነው። ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2014 የጂኤም1ን ተከታይ ጂኤም5ን ካወጣ ወዲህ ያንን መስመር አልቀጠለበትም፤ ኒኮንም እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረውን ኒኮን 1 የተባለውን የትንንሽ ካሜራዎች መስመር በ2018 አቋረጠው። ሰው ትከሻውን የማያጎብጥ ካሜራ ሲፈልግ እነሱ ወደ ከባዱ ዞሩ።

ስለዚህ ዛሬ የሚገኘው ያገለገለው ነው። የሚገዛ ሰው ከካሜራው በፊት ስለ መለዋወጫ ባትሪው ይጠይቅ፤ ሌንሱንም እዚያው አስፈትቶ ሴንሰሩ ላይ ጭረት መኖር አለመኖሩን በብርሃን ይይ።