ለስኳር ይሆናል?

ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የገዛን ጊዜ በውሉ ላይ ያልተጠቀሰች አንዲት ነዋሪ አብራ ተረከበችን። ከደረጃው በስተቀኝ የበቀለች ፒዮኒ የምትባል የአበባ ተክል ነበረች። ቤቱን የሸጡልን አዛውንት ስለ ጣሪያው ዕድሜ ሲጠየቁ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ስለ ፒዮኒዋ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው አማታቸው እንደተከሏትና ከቦታዋ እንዳናነቃንቃት አደራ አሉን። በኋላ ሳጣራ እውነታቸውን ነው። ፒዮኒ ከተመቻት መቶ ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ ከነቀሏት ግን አኩርፋ ሁለትና ሦስት ዓመት ሳታብብ ልትከርም ትችላለች፤ ዳግም ስትተከል ደግሞ የሥሯ ቡቃያዎች ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተቀበሩ ቅጠል ብቻ እያሳየች ዓመታት ታስቆጥራለች። ይህን ሳነብ የሠርጋችን መጥሪያ በሰው እጅ የተላከባት አክስቴ ትዝ አለችኝ።

የእኛ ሰው አበባ አይጠላም፤ ነገር ግን አበባ ሲያይ መጀመሪያ ሥራዋን ይጠይቃታል። አንዱ ወዳጄ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ይበላል?» አለኝ፤ እንደማይበላ ስነግረው ያን የመሰለ ፀሐያማ መሬት ጎመን ሳይዝ መቅረቱ ከልቡ ቆጨው። ሌላው፣ የሆለታ ጽጌረዳ ወደ ሆላንድ በአውሮፕላን እንደሚሄድ የሚያውቅ፣ አንዱ ዘንግ ስንት እንደሚያወጣ በስልኩ ማስላት ጀመረ። አንዲት የዕቁባችን አባል ደግሞ አበባዋን ቀረብ ብላ አየችና በሹክሹክታ «ለስኳር ይሆናል?» አለችኝ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ስሟ የግሪክ አማልክት ሐኪም ከነበረው ከፔዮን እንደመጣ፣ ቻይናውያንም ሥሯን አድርቀው ለመድኃኒት እንደሚጠቀሙበት፣ ስለ ስኳር ግን የማውቀው ነገር እንደሌለ አስረዳኋት። ሴትዮዋ የሰማችው የመካከለኛውን ብቻ ኖሮ በማግስቱ ከሥሯ ትንሽ ቆርጬ እንድልክላት ደወለች።

ዓምና እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣች። የግንቦት ልደታ አልፎ እምቡጦቹ እንደ ሎሚ ድቡልቡል ብለው ነበር፤ በላያቸውም ጉንዳን ይርመሰመስባቸዋል። እማዬ ይህን አይታ በማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ ይዛ ስትወጣ ደረጃው ላይ ደረስኩባት። ጉንዳኖቹ እምቡጡ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ እንደሚልሱና አበባዋን እንደማይጎዱ ነገርኳት። ጎረቤታችን ያለ ጉንዳን እምቡጡ አይፈታም ብሎ ይምላል፤ እሱም ልክ አይደለም፤ ጉንዳን ኖረም አልኖረም ራሷ ትፈታለች።

«ታዲያ እነዚህ ምን ይሠራሉ?» አለችኝ።

«ይበላሉ፣ እማዬ።»

«እንደ ሚዜ በለኛ» ብላ ውኃዋን ይዛ ተመለሰች።

እኔም ሰው ሁሉ ይይልኝ ብዬ እሑድ ደጃፍ ላይ ቡና አስፈላሁ። ቀጤማው ተጎዘጎዘ፣ ፈንዲሻው ፈነዳ፣ እምቡጦቹ ግን እንደተጨበጡ ዋሉ። እንግዶቹ ቅጠል እያዩ ሦስተኛውን ሲጠጡ፣ ኀፍረቴን ልሸፍን ብዬ የቻይናዊቷን ንግሥት የዉ ዜትየንን አፈ ታሪክ አወራሁላቸው። ንግሥቲቱ በክረምት አበቦች ሁሉ እንዲያብቡ ብታዝ ሌሎቹ ታዘዙ፤ ፒዮኒ ብቻዋን እምቢ በማለቷ ወደ ሉዎያንግ ከተማ ተጋዘች፤ ዛሬ ሉዎያንግ የምትታወቀው በዚያችው ግዞተኛ ነው። እማዬ ስኒዋን አስቀምጣ «ንግሥት ያልታዘዘች ለአንተ ልትታዘዝ ኖሯል?» አለች።

ማክሰኞ፣ ማንም በሌለበት፣ ተፈታች። ሦስት ዘንግ ቆርጬ፣ የአበባ ማስቀመጫ ስለሌለን በውኃ ጆግ አድርጌ ሳሎን አስገባሁ። አንዷ አበባ ብቻዋን የሾርባ ሳሕን ታክላለች፤ ቅጠሎቿ እንደ ተጣጠፈ ነጠላ ተደራርበው ጫፋቸው ወተት፣ ውስጣቸው ጽጌረዳ መልክ ነበራቸው፤ ከመካከላቸው በአንዱ ላይ በጥፍር የተጫረ የሚመስል ቀይ ሰረዝ ነበረበት። እማዬ ምንም አላለችም። ማታ ላይ ግን ወንበሯን ከቴሌቪዥኑ ወደ ጆጉ አዙራ አገኘኋት፤ ያውም ተከታታይ ድራማዋ እየተላለፈ።

ሐሙስ ዝናብ ጣለ። ውጭ የቀሩት ውኃ ጠጥተው ከበዳቸውና አፈር እስኪነኩ ሰገዱ። የሳሎኖቹም እሑድ ጠዋት በአንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ዝርግፍ አሉ። እማዬ በመዳፏ እየሰበሰበች «ዓመት ጠብቀህ ለዚህ ነው?» አለችኝ፤ ወዲያውም አንድ ችግኝ ወስጄ ለጎረቤት ላሳይ አለች። ፒዮኒ ለሳምንታት የዘለቀ የክረምት ቅዝቃዜ ካላገኘች እንደማታብብ፣ የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ብርድም እንደማይበቃት አስረዳኋት። ስሟ አበባ የሆነ ከተማ አበባ ሲከለከል መስማት አልተዋጠላትም። በመጨረሻ ከአንድ መደብር የላስቲክ ፒዮኒ ገዛሁላት፤ ቅጠሏ ላይ ከሙጫ የተሠራ ጤዛ ሳይቀር አለባት።

ባለፈው ሳምንት በቪዲዮ ስንነጋገር ከኋላዋ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ዳንቴል ላይ ተቀምጣ አየኋት። ከመጣችበት ላስቲክ ገና አልወጣችም። «ያንተ ረግፋለች፣ የእኔ ግን ይኸውልህ» አለችና ካሜራውን አስጠጋች። በዚያው ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤታችን ብቅ አሉ፤ ጎንበስ ብለው በላስቲኩ ላይ አፍንጫቸውን አሳረፉና «ወይ ሽታዋ!» አሉ።

«የአሜሪካ ናት» አለች እማዬ።