ጀግናውን ከምዕራፍ ሃያ በፊት አታድኑት

አሜሪካ ውስጥ የሚታተመው ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ልቦለድ ወንድ የሚያጨው ከጦር ሠራዊት ነው። ከሠራዊቱም ማንንም አያጭም፤ ኔቪ ሲል የሚባሉትን የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች እንጂ። የእውነቶቹ ኮማንዶዎች መሠረታዊ ሥልጠና ካሊፎርኒያ፣ ኮሮናዶ ላይ 24 ሳምንት ይፈጃል። «የገሃነም ሳምንት» በሚሉት አምስት ቀን ተኩል ውስጥ የሚተኙት ተደማምሮ 4 ሰዓት ያህል ነው፤ አብዛኛውም ሠልጣኝ ደወሉን ሦስት ጊዜ መትቶ ይሰናበታል። ልቦለዱ ውስጥ ደወል የመታ የለም። አንድ የትራፊክ መብራት ብቻ ያላት የሞንታና ከተማ እንኳ ኮማንዶ ደርሷታል፤ ኬክ ቤት የከፈተች ቆንጆ ካለችባት ደግሞ ሁለት።

ለነገሩ ከዘመቱት ብዙዎቹ ሾፌር፣ መካኒክ፣ ምግብ አብሳይና የመጋዘን ጸሐፊ ናቸው። ኢራቅ ውስጥ መንገድ ዳር በተጠመደ ፈንጂ ሲናጥ የከረመውም ያው ሾፌሩ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የመጋዘን ጸሐፊ ሸሚዙን አውልቆ የመጽሐፍ ሽፋን ላይ አይቆምም።

ጉዳቱም በምርጫ ነው። ትከሻ ላይ ጠባሳ ይፈቀዳል። ዝናብ ሲመጣ የሚጠዘጥዝ ጉልበት ይፈቀዳል። የቀድሞ ወታደሮች ለካሳ ከሚያስመዘግቧቸው ጉዳቶች በብዛት አንደኛው ግን የጆሮ ጩኸት ነው፤ እሱ አይፈቀድም። «ምን አልሽ?» የሚል ጀግና በሹክሹክታ የተነገረው የፍቅር ቃል ሁሉ ያመልጠዋላ!

ዋናው ብልሃት ያለው አእምሮው ላይ ነው። ፒቲኤስዲ፣ ማለትም ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከተለው የአእምሮ ሕመም፣ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ በስሙ የገባው በ1980 ነው፣ ከቬትናም በኋላ። ከምልክቶቹ አንዱ አደጋ በሌለበት ሁሌም ዘብ እንደቆሙ መኖር ነው። በእውነተኛ ትዳር ይህ ማለት ሬስቶራንት ገብቶ፣ ጀርባን ለግድግዳ ፊትን ለበሩ የሚሰጠው የማዕዘን ጠረጴዛ እስኪለቀቅ ልጆቹን በረሃብ ማስለቀስ ነው። ጁላይ 4፣ በአሜሪካ የነፃነት ቀን፣ ጎረቤት ርችት ሲተኩስ ምድር ቤት መውረድ ነው። ልቦለዱ ውስጥ ግን ይኸው ንቃት ደመወዝ ይከፈለዋል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቅዠት ያባንነዋል፤ ላቡን ሳይጠርግ የጓሮው በር እጀታ ሲዞር ይሰማል። ነፍሰ ገዳዩ መጥቷል። ሰውየው ድኖ ቢያንኮራፋ ኖሮ ልጅቷ አልቆላት ነበር። ስለዚህ ደራሲዋ ልታድነው አትችልም፤ ካዳነችው ዘበኛ የላትም። ሕመሙ እስከ ምዕራፍ ሃያ የሥራ ውል አለው።

ምዕራፍ አሥራ አራት አካባቢ አንድ ግዴታ አለ። እየቃዠ ሳለ ልጅቷ ግንባሩን ትዳብሳለች፤ እሱም ሳይነቃ አንገቷን ያንቃል። (የሚቃዥ ወታደር አይነካም። ከራቅ ብሎ ስሙን መጥራት፣ መብራት ማብራት ነው፤ የብዙ ወታደር ሚስት ይህን ያለ ደራሲ ታውቀዋለች።) ሲነቃ በጸጸት ያብዳል፤ «ለአንቺው ስል ነው» ብሎ ሻንጣውን ያነሣል። እሷም በዚያው ሌሊት ትጠለፋለች። ጠላፊው የሰውየውን የሕክምና ፋይል ያነበበ ይመስል አንድም ቀን አይሳሳትም።

ሽጉጡስ? ትራስ ሥር ነው። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የመሣሪያ መቆለፊያ ገመድ በነፃ የሚያድለው በከንቱ አይደለም፤ ቅዠት፣ መጠጥና ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ አንድ አልጋ ላይ ሲገናኙ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ባለቤቱ ነው። የተቆለፈ ሽጉጥ ግን ትዕይንት ያበላሻል።

ፈውሱ የሚመጣው በረዶ በዘጋው የጫካ ጎጆ ውስጥ ነው። «ሆድ ይፍጀው» ሲል የከረመው ሰው፣ እሳቱ ዳር «ንገረኝ» ስትለው በሦስት ገጽ ይዘከዝከዋል፣ ያለቅሳል፣ ይተኛል፣ ዳነ። እዚህ ላይ ደራሲዎቹ ግማሹን ያውቃሉ፤ መናገሩ እውነትም የሕክምናው እምብርት ነው። የቀረባቸው ድግግሞሹ ነው። ከእውነተኞቹ ሕክምናዎች አንዱ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይወስዳል፣ አንዱ ቀጠሮ 90 ደቂቃ ያህል። ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ ያቺን የከፋች ቀን አሁን እየሆነች እንዳለች አድርጎ ይተርካል፤ ድምፁ ይቀዳል፤ ቤቱ ወስዶ በየቀኑ ያዳምጠዋል። ጎን ለጎን የሚሸሻቸውን ቦታዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይዘረዝራል፦ መጀመሪያ ሱፐርማርኬት በማለዳ፣ ቆይቶ በቅዳሜ ግርግር፤ ገብቶም ጭንቀቱ ረገብ እስኪል አይወጣም። በመካከል የሚከሽፍበትም ቦታ የታወቀ ነው። መሸሽ ራሱ ሕመሙ ስለሆነ፣ ትረካው ሊጀመር ሲል «መኪናዬ ተበላሽታ ነው» ይመጣል። ያልሸሸው ግን ያንኑ ታሪክ ደግሞ ደጋግሞ ከመስማቱ የተነሣ ይሰለቸዋል። መሰልቸቱ ነው እንግዲህ መዳኑ። አንባቢዋን ሌሊት ሙሉ ላለማስተኛት የተዋዋለች ደራሲ ይህን የት ታስገባው?

ገዳዩ ከሞተ በኋላ ሕመሙ ያለ ማስጠንቀቂያ ከሥራ ይባረራል። በመደምደሚያው ሕፃን አለ፣ ውሻ አለ፣ እንቅልፍ አለ። በድግሱ ላይ አንድ ጓደኛ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ይጠጣል፤ የሚቀጥለው መጽሐፍ የእሱ ነው። ቡድኑ ሰባት ከሆነ ሰባት መጽሐፍ ይወጣል፤ ሰባቱም የሚቃዡት አፍጋኒስታን፣ ካንዳሃር ላይ ስለሞተው ስምንተኛ ጓዳቸው ነው። ሰባተኛው መጽሐፍ ደህና ከተሸጠ እሱም አልሞተም።