የልጁ ቃል ወይስ የእናቱ?

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ ስለ ልጅ ጤናና ስሜት ልጁና ወላጁ የተለያየ መልስ ሲሰጡ መታመን ያለበት ልጁ ነው።

የትምህርት ቤት አማካሪ (ደጋፊ)፦

ፔድስ ኪው ኤል የሚባል የልጆች ጤና መጠይቅ አለ። 23 ጥያቄዎች አሉት። አንዱን ቅጂ ልጁ፣ ሌላውን ወላጁ ይሞላል። ባለፈው አንድ ወር መሮጥ ከብዶታል? ፈርቷል? እንቅልፍ እምቢ ብሎታል? ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ አይገጥምም። አኬንባክ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው አዩ። ልጆች ስለራሳቸው ባህሪና ስሜት በሰጡት መልስና ወላጅን ጨምሮ ሌሎች ስለእነሱ በሰጡት መልስ መካከል ያለው ተዛምዶ በአማካይ 0.22 ብቻ ነበር። መልሶቹ ሙሉ በሙሉ ቢገጥሙ 1 ይሆን ነበር። ወላጅ የሚያየው ሳህኑን ነው። በላ፣ እንግዲህ ደህና ነው ይላል። ፍርሃት ሳህን ላይ አይታይም።

እናት (ተቃዋሚ)፦

ሳህን? ወንድሜ፣ ልጄ አስም አለበት። ሌሊት ደረቱ ሲያፏጭ የምሰማው እኔ ነኝ። ጠዋት ሲጠየቅ "ደህና ነኝ" ይላል። ኳስ እንዳይቀርበት ነዋ! መጠይቅዎ ይህን "ደህና ነኝ" ተቀብሎ ነጥብ ይሰጠዋል። ደግሞስ የ5 ዓመት ልጅ "ባለፈው አንድ ወር" ሲባል ምን ይገባዋል? ለእሱ ትናንትም ያለፈው ሳምንትም አንድ ነው።

አማካሪ፦

እህቴ፣ በሚታይና በሚሰማ ነገር አልተጣላንም። አይዘርና ሞርስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት የጥናቶች ዳሰሳ ወላጅና ልጅ በአካል ጤና ላይ ይቀራረባሉ፤ በስሜትና በጓደኝነት ላይ ይራራቃሉ። ሳል ይሰማል። ልጆች ከበው ስሙን አጣመው ሲጠሩት ግን እቤት ሆኖ ማን ይሰማል? ቢሮዬ ገብቶ የሚያለቅስ ልጅ መጀመሪያ የሚለኝ "ለእማዬ እንዳትነግራት" ነው።

እናት፦

ስለ ሳህኑ ያሉትን አሁንም አላረሙም። "በላ፣ ደህና ነው" ብላ የምትተኛ ሴት አደረጉኝ። ልጄ እንጀራውን ጠርጎ በልቶም ዓይኑን አይቼ የሆነ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። "ለእማዬ እንዳትነግራት" ሲልዎትስ ዝም ይላሉ ማለት ነው? ማታ የሚመለሰው እኮ እኔ ጋ ነው።

አማካሪ፦

የሚደብቀው ስለሚጠላዎት አይደለም። ሲያዝኑ ማየት ስለማይችል ነው። ብቻውን ይጠየቅ የምለው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 የልጁ ሐሳብ በዕድሜውና በብስለቱ ልክ ክብደት ይሰጠው ይላል። ልጆችን ለዓመታት በተከታተለው ያንግ ላይቭስ በተባለው ጥናትም የአገራችን ልጆች 9 ደረጃ ያለው መሰላል ቀርቦላቸው ሕይወታቸው የት ላይ እንደቆመ ራሳቸው ተናግረዋል።

እናት፦

"በዕድሜውና በብስለቱ ልክ" ያሉት እርስዎ ነዎት። የ5 ዓመት ልጅ ብስለት ስንት ነው? ጠየቅኩ፣ አልመለሱልኝም። በራስዎ መጠይቅ እንኳ ከ5 ዓመት በታች የሚሞላው ወላጅ ብቻ ነው። ያኔ እታመናለሁ፤ 5 ሲሞላው ሳህን ብቻ የማይ ሴት እሆናለሁ? ይጠየቅ። ብቻውንም ይጠየቅ። ግን ያስጨነቀው ነገር በዚያው ቀን ይነገረኝ።

አማካሪ፦

በዚያው ቀን ከነገርኩዎት ሁለተኛ አይመጣም። ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር ካለ ወዲያው እደውላለሁ። ሌላውን ግን ራሱ እንዲነግርዎት አግዘዋለሁ። ጊዜ ይፈልጋል።

እናት፦

ጊዜ ስንት ሌሊት ነው?