ጽሑፉን ሳያነቡ ፕሮፌሰር መሾም ይቅር

የዩኒቨርሲቲ ቦርድ ለመምህራን የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሲሰጥ ዜናው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ስም፣ የትምህርት ክፍል፣ የታተሙ ጽሑፎች ብዛት፣ ያማከሯቸው የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች ቁጥር። ከሥሩ «እንኳን ደስ አለዎት» ይጎርፋል። ደስታው ተገቢ ነው፤ እዚህ አገር እዚያ ደረጃ ለመድረስ ምን ያህል እንደሚለፋ ያየ ያውቀዋል። ግን ተሿሚው ምን እንዳገኙ ዜናው ይነግረናል? ስለ ወባ ነው ያጠኑት? ስለ ስንዴ ዋግ? ስለ መሬት ሕግ? ከእሳቸው ሥራ በፊት የማናውቀው፣ አሁን የምናውቀው ነገር ምንድን ነው? ይህ የለም። የዜናው ጸሐፊ ረስቶት አይመስለኝም። ዕድገቱን ከፈረሙት ውስጥም ብዙዎቹ ቢጠየቁ አይመልሱትም፤ ጽሑፎቹን ቆጠሯቸው እንጂ አላነበቧቸውም።

መሰላሉን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። መምህር ከረዳት ምሩቅነት ይጀምራል፣ ከዚያ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር እያለ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ደረጃ የአገልግሎት ዘመን፣ የማስተማር ውጤት፣ ለዩኒቨርሲቲውና ለማኅበረሰቡ የሰጠው አገልግሎት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የታተመ ምርምር ይጠየቃል። በብዙ ቦታ የአንድ ጽሑፍ ነጥብ በደራሲዎቹ ብዛትና በስማቸው ቅደም ተከተል ይከፋፈላል። ስለዚህ ምርምሩ ገና ሳይጀመር «የመጀመሪያው ስም የማን ይሁን» የሚል ክርክር ይነሳል። ምንም ያልሠራ ሰው ስሙ ይገባል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እሱም ያስገባልሃል። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። መለኪያው ነው እንዲህ ያደረጋቸው።

ከዚህ የባሰው ገንዘብ ከፍሎ ማሳተም ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ «ተገምግሞ» የሚያወጣ፣ አድራሻው የማይታወቅ ጆርናል በየኢሜይላችን ይጋብዘናል። ጄፍሪ ቢል የተባለ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የእነዚህን አጭበርባሪ አሳታሚዎች ስም ለዓመታት ሲዘረዝር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ዝርዝሩን ከድረ ገጹ አወረደው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሌሎች ዝርዝሮች ወጥተዋል፤ እኛም አገር የታወቁ ጆርናሎች ዝርዝር ይዘን እንሠራለን። ዝርዝር ይጠቅማል። ግን አንዱ ሲዘጋ ሌላው በአዲስ ስም ይከፈታል። ጥሩ ጆርናል ላይ ደካማ ጽሑፍ ይወጣል፣ ስሙ ባልገነነ የአገር ውስጥ ጆርናል ላይ ደግሞ ድንቅ ሥራ ይወጣል። ይህን የሚለየው የሚያነብ ሰው ብቻ ነው።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰበሰቡ የሳይንስ ጆርናል አዘጋጆችና አሳታሚዎች ያወጡት፣ ዶራ በሚል አጭር ስም የሚታወቅ መግለጫ አለ። የጆርናሉን ኢምፓክት ፋክተር፣ ማለትም በጆርናሉ የወጡ ጽሑፎች በአማካይ ምን ያህል ጊዜ በሌሎች እንደተጠቀሱ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ለጽሑፉ ጥራት ምትክ አድርጋችሁ ሰው አትቅጠሩ፣ አታሳድጉ ነው ሐሳቡ። ልብ በሉ፤ ይህን ያሉት ከኢምፓክት ፋክተር የሚጠቀሙት አሳታሚዎች ጭምር ናቸው።

አሁን ወደ ማስተማሩ ልምጣ፤ በጣም የሚያበሳጨኝ እሱ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመምህሩ ጊዜ 75 በመቶ ለማስተማር፣ 25 በመቶ ለምርምር ተብሎ ይመደባል። ዕድገት ሲመጣ ግን 25ቱ ሁሉን ነገር ይወስናል፣ 75ቱ ፎርም ይሆናል። ተማሪ በሴሚስተሩ መጨረሻ ይሞላል፣ ባልደረባ ይሞላል፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ይሞላል፣ ውጤቱም ለሁሉም ተቀራራቢ ሆኖ ይወጣል፤ ማንም ማንንም መጣል አይፈልግምና። ክፍል ውስጥ ገብቶ ሲያስተምር ያየው ሰው የለም። ፈተናውን የመረመረ የለም። የተመራቂ ተማሪን የመመረቂያ ጽሑፍ መስመር በመስመር እያረመ የሚያመሽ መምህርና ሳያነብ የሚፈርም መምህር እኩል «አማከረ» ተብለው ይመዘገባሉ። ተማሪው ግን ልዩነቱን ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል።

ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ ዓይነት አይደሉም። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። እንደ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐረማያ ያሉት የምርምር ተብለው ተለይተዋል፣ ሌሎቹ የተግባር ሳይንስ ወይም አጠቃላይ ተብለዋል። ልየታው ካለ የዕድገት መመዘኛው ለምን አይለይም? ላብራቶሪ፣ ኢንተርኔት፣ የምርምር በጀት በሌለበት አዲስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ከምርምር ዩኒቨርሲቲ ባልደረባው ጋር በጽሑፍ ብዛት ተወዳደር ሲባል፣ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው። ወይ ማዕረጉን ይተወዋል፣ ወይ ገንዘቡን ይዞ ወደ እነዚያ ኢሜይሎች ይመለሳል።

የሚሟገቱኝ ጓደኞች አሉ፤ ክርክራቸውን አከብረዋለሁ። «ቁጥር ዘመድ የለውም» ይላሉ። ፍርዱን ለኮሚቴ ከተውነው በብሔር፣ በመንደር፣ በፖለቲካ፣ በቂም ይፈረዳል፤ ቁጥሩ ቢያንስ ለሁሉም እኩል ነው። ስጋቱ ከምንም አልመጣም። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ፣ በአንድ ጊዜ ከሥራ ተባረዋል። ማዕረግም ሆነ ዘመን አላዳናቸውም። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1940 በወጣው የአካዳሚክ ነፃነት መግለጫቸው መምህሩ ቢበዛ 7 ዓመት ከተፈተነ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይባረር የሚያደርግ የሥራ ዋስትና፣ ቴንየር የሚሉትን፣ በመርህ ደረጃ አስቀምጠዋል። የእኛ ማዕረግ እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ደመወዝና ክብር ይጨምራል፣ ነገር ግን የአለቃን ወይም የባልደረባን ሥራ «ደካማ ነው» ብሎ በጽሑፍ የፈረመ ሰው ነገ ምን እንደሚደርስበት አያውቅም። እንዲህ ባለ ቤት ሰው ወደ ቁጥር መሸሹ አይገርምም።

ግን ቁጥሩም ዘመድ አለው። ከውጭ አገር ፕሮጀክት ጋር የተገናኘ ሰው ስሙ በብዙ ጽሑፍ ላይ ይገባል። ለማሳተሚያ የሚከፍለው ዶላር ያለው ይቀድማል። ቤት ውስጥ ሕፃን የምታሳድግ መምህርት ወደ ኋላ ትቀራለች። የግዕዝ ብራና እያነጻጸረ አንድ ሥራ ላይ ዓመታት የሚያጠፋ ሰው ይሸነፋል። አድልዎው ስላልተጻፈ የለም ማለት አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም በመንገድ ላይ ናቸው። ደንቦች እንደገና እየተጻፉ ስለሆነ ጊዜው አሁን ነው። አመልካቹ ካሳተመው ሁሉ ሦስት ሥራ ብቻ ይምረጥና ያቅርብ፤ በእያንዳንዱ ላይ የራሱ ድርሻ ምን እንደነበረ ይጻፍ። ገምጋሚዎቹ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲቻል ከሌላ አገር ይሁኑ፤ የጻፉት ፍርድም ስማቸው ተሸፍኖ ለአመልካቹ ይድረሰው፣ ይግባኝም ይኑረው። ክፍል ውስጥ ገብተው የሚያዩ ሁለት ባልደረቦች ይመደቡ። ለሙሉ ፕሮፌሰርነት የሚታጭ ሰው ደግሞ ቦርዱ ከመወሰኑ በፊት ስለ ሥራው ለሕዝብ ክፍት በሆነ አዳራሽ፣ ሰው በሚሰማው ቋንቋ፣ አንድ ሰዓት ይናገር፤ ተማሪውም፣ ጋዜጠኛውም፣ ገበሬውም ይጠይቀው። ለዚህ የመጨረሻው አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። የትኛውም የዩኒቨርሲቲ ሴኔት በሚቀጥለው ስብሰባው ወስኖ ሊጀምረው ይችላል።