የይለፍ ቃል አርበኞች ይወደሱ

ባለፈው እሑድ ማለዳ አጎቴ ደወሉልኝ። ቅዳሜ ማታ የቀየሩት የቤት ኮምፒውተራቸው የይለፍ ቃል እሑድ ጠዋት አልከፍት ብሏቸዋልና «መቼም አንተ ታውቅበታለህ» ተብዬ ተጠራሁ፤ ይህች ዓረፍተ ነገር ስንት እሑድ እንደበላች የደረሰበት ያውቀዋል። ከተዘጋው ስክሪን ፊት ለሦስት ሰዓታት ያህል ከተቀመጥኩ በኋላ ግን ብስጭቴ ወደ አድናቆት ተለወጠ። እንደ አጎቴ ያሉ የይለፍ ቃል አርበኞች ለካ የሚገባቸውን ምስጋና ሳያገኙ ኖረዋል!

እስኪ ትጋታቸውን ተመልከቱ። የአንድ ሰው አካውንት ተሰረቀ የሚል ወሬ በሰሙ ማግስት፣ ጅብ ከሄደ የሚጮኸውን ውሻ በሚያስንቅ ቅልጥፍና፣ በ1 ያልቅ የነበረውን የይለፍ ቃል በ2 እንዲያልቅ ያደርጉታል። ሌባውም 1ን ሞክሮ እምቢ ሲለው፣ 2 የሚባል ቁጥር መኖሩን ስለማያውቅ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ኒስት የሚባለው የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ቃሉ ለመሰረቁ ምልክት ካልታየ በቀር ሰውን በየጊዜው ቀይር እያሉ ማስገደድ እንደማይገባ መክሯል፤ ምን ዋጋ አለው፣ ተቋሙ አጎቴን አላማከረም።

የጥበባቸው ጫፍ የሚታየው ግን በፍንጩ ላይ ነው። ዊንዶውስ የይለፍ ቃል ሲቀየር ማስታወሻ የሚሆን ፍንጭ ጻፉ ይላል፤ ፍንጩም ቃሉን ተሳስቶ ላስገባ ሁሉ ይታያል። ፍንጭ እንደ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ለአላፊ አግዳሚው፣ ወርቁ ለባለቤቱ። አጎቴ ሰም የሚባል ነገር አይወዱም። በመጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ራሱን ጻፉት፤ ማሽኑ ፍንጩ የይለፍ ቃሉን መያዝ አይችልም ብሎ መለሰባቸው። በማሽን የሚበገሩ ሰው አይደሉምና ቃሉን ለሁለት ከፍለው በመካከሉ ክፍት ቦታ አኖሩበት። ይህ ሲያልፍላቸው፣ ማንም እንዳይቸገር በማሰብ፣ «ክፍት ቦታው አይቆጠርም» የሚል ማብራሪያ ጨመሩ። ቀጥለውም «መጨረሻው ላይ የነበረው 1 አሁን 2 ሆኗል» ሲሉ ታሪካዊ ዳራውን አስከተሉ። ቦታ ቢተርፋቸው ኖሮ መቅድም ሳይጽፉለት እንደማይቀሩ አልጠራጠርም።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የልጆቹ ፎቶ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ አለ፤ ሌላ ቦታ አንድም ቅጂ የለውም። ዲስኩ ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ስላልተመሰጠረ፣ ማሽኑን ይዞ የሄደ ሰው ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ቢያገናኘው ሁሉን ያያል፤ የመግቢያውን ቃል የሚጠይቀው የለም። ትልቁም ትንሹም የሚገባው በዚያው በአንዱ፣ ማሽኑን እንዳሻው ለማዘዝ ሥልጣን ባለው የአድሚን አካውንት ስለሆነ፣ ልጅ ከየትም ያወረደው ጌም የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን ሊረከብ ይችላል። ለየሰዉ ተራ አካውንት መክፈት የደቂቃዎች ሥራ ነበር! ለዚህ ጊዜ የለም፤ 1ን 2 ለማድረግ ግን እኩለ ሌሊት ይነሣሉ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ፍንጩ ያን ያህል ተብራርቶ ሳለ ኮምፒውተሩ ለምን አልከፈተም? አጎቴ ምስጢር ጠባቂ ናቸውና ቃሉን ራሳቸው እየጻፉ፣ በጻፉ ቁጥር እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው እንዳዞር ያዝዙኝ ነበር፤ ፍንጩ በስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ። በመጨረሻ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው በአጠገባችን ስታልፍ «አባዬ፣ ኑም ሎኩ ጠፍቷል እኮ» አለች። ያ ሌባውን ሁሉ ያስደነገጠ 2፣ ኑም ሎክ የሚባለው ቁልፍ ሲጠፋ ቁጥር በማይጽፉት፣ በኪቦርዱ ቀኝ በኩል ባሉት ቁልፎች ሲጫኑት ስለነበር፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጊዜም አልገባም።

ስወጣ አጎቴ ቃሉን ወደ 3 እየቀየሩ ነበር፤ ልጅቷ ሰምታለችና። ፍንጩን ግን በዚህ ጊዜ በእርግጥ አሳጥረውታል። የእኔ ስልክ ቁጥር ነው።