የመኪና ሰብውፈር ላይ ያለውን ትልቁን ዋት አይታችሁ አምፕ አትግዙ

ለመኪናው ሰብውፈር (ባሱን ለሚያወጣው ትልቅ ስፒከር) አምፕ፣ ማለትም ድምፅ አጉሊ አምፕሊፋየር፣ ለሚፈልገው የኮምቦልቻ ልጅ «ሰብውፈሩ 1200 ዋት ስለሚል 1200 የሚል አምፕሊፋየር ግዛ፣ በርካሽ ታገኛለህ» ብለህ የመከርከው ልክ አይደለም ወንድሜ። ያ ቁጥር ማክሲመም ነው፤ ለቅጽበት ብቻ የሚቻል፣ ካርቶኑ ላይ ለሽያጭ በትልቁ የሚጻፍ። መታየት ያለበት አርኤምኤስ የሚለው ነው፣ ሳያቋርጥ የሚሸከመው ማለት። ሰቡ 300 ዋት አርኤምኤስ ከሆነ፣ በሰቡ ኦም (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ) 300 ዋት አካባቢ የሚሰጥ አምፕ ይበቃዋል። ኦሙን ደግሞ አደራ! 2 ኦም የማይችል አምፕ ላይ የ2 ኦም ሰብ ከታሰረ ይግላል፣ እየጠፋ ያስቸግራል፣ ሲብስም ይቃጠላል።

ልጁም ሆነ ሌሎቻችሁ ደሴ ፒያሳ ሱቅ ገብታችሁ «3000 ዋት» የሚል ርካሽ አምፕ ካያችሁ፣ መጀመሪያ ጎኑ ላይ ያለውን ፊውዝ እዩ። ባለ 30 አምፔር ከሆነ፣ በ13.8 ቮልት ስታባዙት 414 ዋት ነው የሚመጣው፣ ከሱም ላይ በሙቀት የሚባክን አለ፤ ታዲያ 3000ው ከየት ይምጣ? ለዚያ እኮ ከ200 አምፔር በላይ ያስፈልጋል። በዚያ ብር አርኤምኤሱ በግልጽ የተጻፈበት ያገለገለ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) አምፕ ፈልጉ። ወፍራም የመዳብ ሽቦና ባትሪው አጠገብ የሚገባ ፊውዝ ላይ ግን እንዳትቆጥቡ፣ ቀጭን ሽቦ ግሎ መኪናውን ሊያቃጥል ይችላል።